ባለሙያዋ እቴጌ፦ ጣይቱ ብጡልና የሆቴል ሥራ አጀማመር በኢትዮጵያ

ከጎጃም ሞጣ ተነሥቶ ወደ በጌምድር የሚሻገር የጥንት ነጋዴ የዓባይን ሸለቆ ወርዶ ዛሬ ሰባራ ድልድይ የሚባለውን ያልፋል፤ ከዚያም ዳገቱን ወጥቶ፣ አሁን የመካነ ኢየሱስ ከተማ በቆመችበት በእስቴ ደጋ አድርጎ ወደ ደብረ ታቦር፣ ከደብረ ታቦርም ወደ ጎንደር ያቀና ነበር። ድልድዩ በዐፄ ፋሲል ዘመነ መንግሥት በድንጋይና በኖራ የተሠራ ነው። በጠላት ወረራ ዘመን መካከለኛው ቅስት ስለ ተሰበረ፣ መንገደኛው እስከ 1994 ዓ.ም. ድረስ ወገቡን በገመድ ታስሮ፣ ከወዲያና ከወዲህ በሚጎትቱ ሰዎች ኃይል ክፍተቱን ይሻገር ነበር። ስለ ድልድዩ ግንበኞችና ስለ ቅስቱ አሠራር መሐንዲሶች አዘውትረው ይነጋገራሉ። ያ ነጋዴ ዳገቱን ጨርሶ ሲመሽበት የት ያድር እንደ ነበረ፣ እግሩን ማን እንዳጠበው፣ እራቱንስ ማን እንዳቀረበለት የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

መልሱ አጭር ነው፤ በሰው ቤት ያድር ነበር። «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ» ሲል «ቤት ለእንግዳ» ይባላል። ውሃ ሞቆ እግሩ ይታጠባል፤ ከመደቡ ላይ አጎዛ ይነጠፍለታል፤ የተገኘው እንጀራ ይቀርብለታል። ሲነጋ መርቆ ይሄዳል እንጂ ሒሳብ አይጠየቅም። ይህ ልማድ በጋይንትም፣ በስማዳም፣ በእስቴም፣ በመላው አገራችንም የታወቀና የሚያኮራ ነው። ሆኖም ዋጋ የማይጠየቅበት ነገር ሁሉ ዋጋ የሌለው አይደለም። እህሉ ተፈጭቷል፤ ሊጡ ከሦስት ቀን በፊት ተቦክቷል፤ እንጨቱ ከጫካ በጀርባ መጥቷል፤ ውሃው ከምንጭ በእንስራ ተቀድቷል። ይህን ሁሉ የሠራችው የቤቲቱ እመቤት ወይም አገልጋይዋ ናት። ምርቃቱን የሚቀበለው ግን አብዛኛውን ጊዜ ባለቤትዬው ነበር።

እንግዳው የመንግሥት እንግዳ ሲሆን ደግሞ ነገሩ ሌላ መልክ ነበረው። ከንጉሥ ወይም ከአገር ገዥ ትእዛዝ የያዘ መንገደኛ በየደረሰበት ድርጎ ይወጣለታል። ድርጎ ማለት እንጀራው፣ ወጡ፣ ጠላው፣ ማሩ፣ በጉና የበቅሎው ገብስ ሳይቀር በአካባቢው ባላገር ላይ ተደልድሎ የሚቀርብ ቀለብ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት በሰሜን ኢትዮጵያ የተዘዋወሩ የአውሮፓ መንገደኞች በጉዞ መጽሐፎቻቸው ስለ ድርጎ ደጋግመው ያወሳሉ፤ ብዛቱን አድንቀው፣ ሲዘገይም አማርረው ጽፈዋል። ከየትኛው ጎተራ እንደ ወጣ ያሰበ ግን ከመካከላቸው ጥቂት ነው። እንግዲህ በዚያ ዘመን መስተንግዶ ወይ በሴቲቱ ድካም ወይ በባላገሩ እህል የሚከፈል ነበር ማለት ነው። የበላው ራሱ የሚከፍልበት ሥርዓት በአገር ደረጃ እንዲቆም ያደረጉት ከዚያው ከሰሜኑ ወገን የተገኙ አንዲት ሴት ናቸው።

ወደ እርሳቸው ከመድረስ በፊት አንድ ቃል ማንሣት ያሻል። ዛሬ በመሥሪያ ቤትና በማኅበር «ባለሙያ» ሲባል የሚታሰበው በትምህርት ቤት ገብቶ፣ ተፈትኖ፣ ወረቀት የተቀበለ ሰው ነው። በእስቴ ገጠር «እገሊት ባለሙያ ናት» ቢባል ግን ወጧ የሚጣፍጥ፣ ጠላዋ የማይቆመጥጥ፣ በርበሬዋ የተመጠነ፣ ድንገት ሃያ እንግዳ ቢመጣባት የማትደነግጥ ሴት ማለት ነው። ቃሉ ከጓዳ ወጥቶ ወደ ቢሮ ሲገባ የመጀመሪያዎቹን ባለቤቶቹን እዚያው ጓዳ ትቷቸው መጥቷል። የሆቴል ሥራ ታሪክ በአገራችን ሲጻፍም ብዙውን ጊዜ ከሕንፃዎቹና ከአስተዳዳሪዎቹ የሚጀምረው በዚሁ ምክንያት ይመስላል።

እቴጌ ጣይቱ የተወለዱት በ1840ዎቹ ዓ.ም. ነው። አባታቸው ራስ ብጡል ኃይለ ማርያም የስሜኑ ገዥ የደጃዝማች ውቤ ወንድም ነበሩ። ከወንድሞቻቸው አንዱ፣ ራስ ወሌ ብጡል፣ በኋላ የየጁ ገዥ ሆኑ። የራስ ወሌ ልጅ ራስ ጉግሣም በደብረ ታቦር ተቀምጠው በጌምድርን እስከ 1922 ዓ.ም. አስተዳድረዋል። ስለሆነም የእስቴና የጋይንት ሰው የጣይቱን ቤት በሩቅ ዝና ብቻ አያውቀውም። እቴጌይቱ በወጣትነታቸው ጎጃም በደብረ መዊ ገዳም ተቀምጠው ማንበብና መጻፍ ተምረዋል፤ በዚያ ዘመን ይህ ለሴት ልጅ እምብዛም የማይገኝ ዕድል ነበር። ግእዝ ያውቃሉ፤ በገና ይደረድራሉ፤ ሰንጠረዥ ይጫወታሉ። በ1875 ዓ.ም. ከሸዋው ንጉሥ ከምኒልክ ጋር ሲጋቡ ሙሉ ሰው ሆነው፣ ክፉና ደጉን አይተው ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላም በፍል ውሃ አጠገብ ሰፍረው ቦታውን አዲስ አበባ ብለው ሰየሙት።

ታሪክ ጸሐፊዎች ስለ ጣይቱ ሲጽፉ ስለ ውጫሌ ውልና ስለ ዐድዋ ማተኮራቸው ተገቢ ነው። ነገር ግን የዕለት ሥራቸው ምን ነበር ተብሎ ቢጠየቅ፣ ከፍ ያለ ቁጥር ያለው ሰው በየጊዜው ማብላትና ማጠጣት ነበር። ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ በዜና መዋዕላቸው የእንጦጦ ማርያምን ቤተ ክርስቲያን የምርቃት ግብር በሰፊው ተርከዋል። የምግቡ ዓይነት፣ የመጠጡ ብዛት፣ የአቀራረቡ ሥርዓት ሁሉ የእቴጌይቱ ትእዛዝና ክትትል የሞላበት ነው። ኋላም በአዲሱ ቤተ መንግሥት ታላቁ አዳራሽ ሲሠራ ግብሩ ብዙ ሺህ ሰው በተራ የሚቀመጥበት ሆነ።

የዚህን ሥራ ስፋት ለመገመት ትንሽ ስሌት ይረዳል። ግብሩ ለ5,000 ሰው ነው እንበል። በነፍስ ወከፍ ሁለት እንጀራ ቢታሰብ 10,000 እንጀራ ያስፈልጋል። አንዲት ጋጋሪ በአንድ ምጣድ በሰዓት 20 ያህል ብታወጣ፣ ለ10 ሰዓት ያህል 50 ምጣድ ሳያቋርጥ መንደድ አለበት። ለዚህ የሚሆነው ሊጥ አስቀድሞ ተቦክቶ ሊጠብቅ ነው። ጠጁ አንድ እጅ ማር ለሦስት ወይም ለአራት እጅ ውሃ ተመጥኖ፣ ጌሾ ገብቶበት፣ በታጠነ ጋን ሳምንታት ሊከርም ነው። በርበሬው ከወራት በፊት ተቀንጥሶ፣ ተደልዞ፣ ደርቆ፣ ተፈጭቶ ሊቀመጥ ነው። ቅቤው ሊነጠር ነው። የጾሙ ወራት ሲገባ ደግሞ ይህ ሁሉ ተለውጦ በሽሮ፣ በሱፍና በኑግ ሊተካ ነው። ከእነዚህ አንዱ በሦስት ቀን ቢዘገይ ግብሩ ይፈርሳል። ዛሬ አንድ መሐንዲስ የግንባታ ሥራ ሲጀምር የትኛው ሥራ የትኛውን እንደሚቀድም በሠንጠረዥ ያሰፍራል፤ ያን ሁሉ ቅደም ተከተል የግቢ ሴቶች በቃላቸው ይዘውት ነበር።

ሥራው የተከፋፈለም ነበር። እንጀራ ቤት፣ ወጥ ቤት፣ ጠጅ ቤት፣ ሥጋ ቤት እያንዳንዱ አለቃ አለው፤ ዕቃ የሚያወጣና የሚያገባ አዛዥ አለ፤ በአዳራሹ ውስጥም እንግዳውን እንደየማዕረጉ የሚያስተናግድ አሳላፊ አለ። ከመኳንንቱ ቤት የመጡ ልጃገረዶች በእቴጌይቱ ዓይን ሥር ፈትል፣ ስፌትና ባልትና እየተማሩ ያድጉ ነበር። ትምህርት ቤት የሚል ስም አልተሰጠውም እንጂ አንዲት ባለሙያ ሌላዋን የምታወጣበት ቤት ነበር። አንዲት ልጅ አይታ፣ ቀምሳ፣ ተሳስታ፣ ተገሥጻ ትማራለች። ሙያ በልብ ነው የሚባለውም ለዚህ ነው፤ በጽሑፍ የቀረ መመሪያ የለም።

እዚህ ላይ ሊዘለል የማይገባው እውነት አለ። በግቢው ጓዳ እህል ይፈጩ፣ ውሃ ይቀዱ፣ እንጨት ይሸከሙ ከነበሩት ሴቶች ብዙዎቹ በባርነት የተያዙ ነበሩ። የግብሩ ታላቅነት በእነርሱ ጫንቃ ላይ የቆመ ነው። ስለ ጣይቱ የባልትና ጥበብ ሲወራ ይህን ማስቀረት ታሪክን ማሳመር እንጂ መጻፍ አይሆንም። የመኳንንቱ ልጅ ተምራ ወደ ትዳር ትሄዳለች፤ ወፍጮ ላይ ያለችው እዚያው ትቀራለች። ሁለቱም ግን ባለሙያ ነበሩ።

የጓዳው ሥራ ከመሐንዲስ ሥራ ጋር በሁለት ነገር ተገናኝቷል፤ በእንጨትና በውሃ። የቤተ መንግሥቱና የከተማው ምድጃ ያን ያህል ሲነድ በእንጦጦና በአካባቢው ያለው ጥድና ወይራ በጥቂት ዓመት አለቀ። በ1890ዎቹ መጀመሪያ ዓ.ም. የማገዶ እጥረቱ እጅግ ከመበርታቱ የተነሣ ዐፄ ምኒልክ ዋናውን ከተማ ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ሥራ አስጀምረው ነበር። አዲስ አበባን ከመፈታት ያዳናት ከውጭ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ፈጥኖ ይበቅላል፤ ከተቆረጠም በኋላ ያቆጠቁጣል። ዋና ከተማን ከቦታው ሊያስነሣ የደረሰው አንዱ ኃይል የእንጀራ ምጣድ ነበር ቢባል ቀልድ አይሆንም። ውሃውን በሚመለከት ደግሞ ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ በ1880ዎቹ ዓ.ም. ከእንጦጦ ምንጭ በቧንቧ ወደ ቤተ መንግሥቱ ኮረብታ አደረሰ። ውሃ ዳገት ወጣ ተብሎ አገር የተደነቀበት ሥራ ነው። ያ ቧንቧ ከስንት ሴት ጀርባ ላይ ስንት እንስራ እንዳወረደ ግን የተነገረ የለም።

ስንቅና ውሃ የዘመቻ ነፍስ መሆኑን እቴጌይቱ በጓዳቸው ያወቁት ነገር በ1888 ዓ.ም. በጦር ሜዳ ታየ። በመቀሌ ምሽግ ውስጥ የነበረው የኢጣሊያ ጦር የሚጠጣበት ምንጭ እንዲያዝ ያሳሰቡት እርሳቸው መሆናቸው የታወቀ ነው፤ ምሽጉም በውሃ ጥም ተለቀቀ። በዐድዋ ዕለትም ሴቶቹን አስተባብረው ለተዋጊው ውሃ አድርሰዋል። ይህ ታሪክ በሌላ ቦታ በሰፊው ስለ ተጻፈ እዚህ መድገም አያስፈልግም።

ከዐድዋ በኋላ አዲስ አበባ በአንድ ጊዜ የእንግዳ ከተማ ሆነች። እንግሊዝ፣ ፈረንሳይ፣ ኢጣሊያና ሩሲያ ወኪሎቻቸውን ላኩ። ነጋዴው፣ ሐኪሙ፣ የማዕድን ፈላጊው፣ የጦር መሣሪያ ሻጩ፣ ውል ፈላጊው ሁሉ ጎረፈ። የባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ፤ ከዚያ ወዲህ በበቅሎና በግመል ይመጣል። ደርሶስ የት ያርፋል? የክብር እንግዳ ከሆነ ከመኳንንቱ የአንዱ ቤት ይለቀቅለታል፤ ድርጎም ይወጣለታል። ካልሆነ ድንኳኑን ተክሎ ይሰፍራል፤ አለዚያም ጥቂት ግሪኮችና አርመኖች በከፈቷቸው መሸታ ቤቶች ይጠጋል። ንጉሠ ነገሥቱ በየዕለቱ ለሚመጣ ለማንም የውጭ ሰው ቀለብ መስፈር አይችሉም፤ ባላገሩም አይችልም። የካቲት 1898 ዓ.ም. የአቢሲኒያ ባንክ ተቋቋመ። ገንዘብ የሚቀመጥበት ቤት ካለ ገንዘብ የሚከፈልበት ማደሪያም ማስፈለጉ አይቀርም።

እቴጌይቱ በአራዳ፣ በዛሬው ፒያሳ፣ በዚያው በ1898 ዓ.ም. የሆቴሉን ሕንፃ አሠሩ። ንድፉ በከተማው ብዙ ሥራ የሠራው የአርመናዊው የሙሴ ሚናስ ኬርቤክያን መሆኑ ይነገራል። ባለ ፎቅ ነው፤ የእንጨት ሰገነትና ሰፊ የእንጨት ደረጃ አለው፤ መስኮቶቹ ረጃጅም ናቸው። በጭቃና በሣር ክዳን ቤቶች መካከል ሲቆም ምን ያህል ጎልቶ እንደ ታየ መገመት አያስቸግርም። ስሙም እቴጌ ሆቴል ተባለ። ምርቃቱ በ1900 ዓ.ም. ሆነ፤ ዐፄ ምኒልክ የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች የሾሙበት ዓመት መሆኑ ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ አገሪቱ ሚኒስትርም ሆቴልም አገኘች። የመጀመሪያው በየታሪክ መጽሐፉ በምዕራፍ ደረጃ ሲተነተን ሁለተኛው በግርጌ ማስታወሻ የቀረው ለምን እንደሆነ አንባቢ ይፍረድ።

ሕንፃውን ማቆም ቀላሉ ሥራ ነበር። ከባዱ፣ የበላ ሰው እንዲከፍል ማድረግ ነው። እስከዚያ ድረስ ትልቅ ሰው ያበላል እንጂ አይሸጥም። ለገንዘብ ብሎ ማብላት ለወይዘሮ ቀርቶ ለተራ ባለቤትም የሚያሳፍር ነበር፤ ከፍሎ መብላትም ዘመድ የሌለው ሰው ነገር ተደርጎ ይታያል። ሲተረክ እንደኖረው፣ ሆቴሉ ሲከፈት ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው መኳንንቱን አስከትለው ሄደው በሉ፤ ከበሉም በኋላ ሒሳባቸውን አውጥተው ከፈሉ። መኳንንቱም በየተራ እየሄዱ እንዲበሉና እንዲከፍሉ ተደረገ። ይህ ትረካ ሲነገር ብዙ ሰው ይሥቅበታል። ነገር ግን ማን ማንን እንዳስተማረ ልብ ማለት ይገባል። ንጉሠ ነገሥቱ በሚስታቸው ቤት፣ የሚስታቸው ሠራተኞች የሠሩትን ምግብ በልተው ሲከፍሉ፣ ድካሙ ዋጋ እንዳለው በአደባባይ መመስከራቸው ነው። ለዘመናት በምርቃት ብቻ ሲታለፍ የኖረ ሥራ በብር ተቆጠረ። ከዚያ በኋላ ለመኳንንቱ ሒሳብ መክፈል ውርደት መሆኑ ቀረ።

እቴጌይቱ የሆቴሉን ሥራ ለጨዋታ አልጀመሩትም። ገንዘብ ሥራ ላይ መዋል አለበት የሚል እምነት ነበራቸው። በ1901 ዓ.ም. በኢትዮጵያውያን ገንዘብ ብቻ የተቋቋመው የእርሻና የንግድ ማስፋፊያ ማኅበር፣ በውጭ ባለ አክሲዮኖች እጅ ለነበረው ለአቢሲኒያ ባንክ ተወዳዳሪ እንዲሆን የታሰበ ሲሆን፣ የእርሳቸው እጅ አለበት። በኢየሩሳሌምም ለኢትዮጵያውያን መነኮሳትና ተሳላሚዎች የሚሆን ይዞታ እንዲገዛና ቀለብ እንዲቆምላቸው አድርገዋል። ለተሳላሚው በነጻ፣ ለነጋዴው በዋጋ፤ ሁለቱን ለይተው ያውቁ ነበር።

በዚያው ዘመን በሌላው ዓለም የነበረውን ማየት ነገሩን ያጎላዋል። በቪየና አና ዛኸር የተባሉ ሴት እ.ኤ.አ. በ1892 ባላቸው ሲሞት በስማቸው የሚጠራውን ሆቴል ተረክበው ከአውሮፓ ስመ ጥር ማረፊያዎች አንዱ አደረጉት። በለንደን ሮዛ ሉዊስ ከቤት አገልጋይነትና ከወጥ ቤት ሥራ ተነሥተው እ.ኤ.አ. በ1902 የካቨንዲሽ ሆቴል ባለቤት ሆኑ። አንደኛዋ ከባል ወረሱ፤ ሁለተኛዋ ከምድጃ ወጡ። ጣይቱ ከዙፋን ወረዱ ማለት ይቻላል፤ ወደ ሥራው የገቡት ከላይ ነውና። ከላይ መምጣታቸው ሥራውን ከነውር ነጻ ለማድረግ አስችሏል። ነገር ግን አንድ ጉድለትም አስከትሏል፤ ሥራው በእርሳቸው ክብር ላይ የቆመ ስለ ነበረ ክብሩ ሲወድቅ የሚረከበው ባለሙያ አልተዘጋጀም።

ክብሩም ብዙ ሳይቆይ ወደቀ። ዐፄ ምኒልክ በጽኑ ሕመም ላይ ሳሉ፣ መጋቢት 1902 ዓ.ም. የሸዋ መኳንንት እቴጌይቱን ከመንግሥት ሥራ አገለሏቸው። ንጉሠ ነገሥቱ በ1906 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ በእንጦጦ ማርያም በጸሎት ተወስነው ኖሩ፤ የካቲት 1910 ዓ.ም. ዐረፉ። ባቡሩ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። ሆቴሉ የተሠራለት እንግዳ በብዛት መምጣት ሲጀምር ባለቤቲቱ ከከተማው በላይ በተራራው ላይ ሆነው የመጨረሻ ወራቸውን ይቆጥሩ ነበር።

ሆቴሉ በኋላ ለግሪካዊው ለቦሎላኮስ ተከራየ፤ ኢምፔሪያል እየተባለም ተጠራ። በ1928 ዓ.ም. የኢጣሊያ ወረራ ሲቃረብ ከየአገሩ የመጡ ጋዜጠኞች በብዛት ካረፉባቸው ቤቶች አንዱ እርሱ ነበር። የአስተዳዳሪነቱ ወንበር በውጭ አገር ወንዶች እጅ ሲቀር ምጣዱና ወጡ ግን በኢትዮጵያውያት እጅ ቆየ። ለሆቴሉ ብቻ ሳይሆን ለመላው የከተማ መስተንግዶ ይህ አከፋፈል ለረዥም ዘመን ሥርዓት ሆኖ ኖረ፦ ሒሳብና ቁልፍ ከፊት ለፊት፣ ሙያው ከኋላ።

ሆኖም የጣይቱ ትምህርት በሆቴሉ ግድግዳ ውስጥ ብቻ አልቀረም። በአራዳ ዙሪያና በየሠፈሩ የተከፈቱት ጠጅ ቤቶችና ጠላ ቤቶች ባለቤቶች አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩ። ከገጠር ተሰድዳ የመጣች፣ ከባሏ የተፋታች፣ መሬት መውረስ ያልቻለች ሴት ይዛው የመጣችው አንድ ሀብት ባልትናዋ ነው። ከፍሎ መጠጣትና መብላት ከተለመደ በኋላ ያ ሀብት መተዳደሪያ ሆናት። ቤት ሠራች፤ ልጅ አስተማረች፤ ዕድር ገባች፤ የአክስቷን ልጅ ከአገር ቤት አስመጥታ ሥራውን አሳየቻት። ያችም ልጅ በተራዋ ሌላ ቤት ከፈተች። ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ ወንበር የያዙ ስንቶቹ በጠላ ሽያጭ ተምረው እዚህ እንደ ደረሱ ቢቆጠር ዝርዝሩ አጭር አይሆንም። ከተማው ግን እነዚህን ሴቶች በክፉ ስም ነው ያወሳቸው። ለሆቴሉ እቴጌይቱ የሰጡትን ክብር ለጠላ ቤቲቱ የሰጣት የለም።

መንግሥት የቱሪስት ድርጅትን በ1954 ዓ.ም. ካቋቋመ ወዲህ፣ በአቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ መሪነት ሆቴል የኢኮኖሚ ጉዳይ ሆነ። ጊዮንና ራስ ሆቴሎች ነበሩ፤ ሒልተንም በ1960ዎቹ መጀመሪያ ዓ.ም. ተከፈተ። የተማረ ሠራተኛ በማስፈለጉም የሆቴልና የቱሪዝም ሙያ ማሠልጠኛው በ1961 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ልጃገረዶች እንግዳ አቀባበልን፣ የአልጋ አያያዝን፣ የወጥ ቤት ንጽሕናን፣ ሒሳብን ተምረው ወረቀት ይዘው ወጡ። እቴጌ ሆቴል ከተመረቀ 60 ዓመት ያህል አልፎ መሆኑ ነው። የሚያስደንቀው ግን፣ ትምህርቱ በመጀመሪያ የተቀረጸው በአውሮፓ ወጥ ቤት ሥርዓት ሲሆን፣ የአገር ቤቱ ባልትና ወደ ሚዛንና ወደ ጽሑፍ የገባው ቀስ እያለ ነው። ወጡ በግራም ሳይመዘን በዓይንና በአፍንጫ የሚመዝኑት እናቶች አሁንም በየሆቴሉ አሉ። የደመወዛቸው መጠን ግን ነጭ ቆብ ካደረገው ወጥ ሠሪ ጋር አንድ አይደለም። አንድ ድርጅት የወጥ ቤቱን የእንፋሎት መሥመርና የጭስ መውጫ ሲያሠራ መሐንዲሱ ሊያማክራቸው የሚገባው እነርሱን ነበር፤ ምጣድ የት ቢቆም እንደሚሻል፣ ጭሱ ዓይንን ሳያጠፋ በየት ቢወጣ እንደሚበጅ የሚያውቁት እነርሱ ናቸውና። ብዙ ጊዜ ግን አይጠየቁም።

ከአገር ውጭ ነገሩ በተለየ መንገድ ሄደ። በዋሽንግተን ከተማ በጆርጂያ ጎዳና እ.ኤ.አ. በ1978 የተከፈተው የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ምግብ ቤት ስሙ ማማ ደስታ ነበር። ደስታ ባይሩ የወጥ ቤቱ ባለሙያ ነበሩ። በአዲስ አበባ የትልቅ ሆቴል በር ላይ የወጥ ሠሪ ስም አይጻፍም ነበር፤ በባዕድ አገር ግን እንግዳውን የሚጠራው የእርሳቸው ስም ሆነ። ከእርሳቸው ወዲህ በዚያች ከተማ የተከፈቱት የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች በጣት ተቆጥረው የሚያልቁ አይደሉም።

የአራዳው ሕንፃ ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. በተነሣ እሳት ታላቅ ጉዳት ደረሰበት። አሮጌው እንጨት ለምን በቶሎ እንደ ነደደ፣ የኤሌክትሪክ መሥመሩ ስንት ዓመት ያገለገለ እንደ ነበረ፣ የእሳት አደጋ ውሃ ግፊቱ ምን ያህል እንደሆነ በወቅቱ መነጋገሪያ ሆኖ ነበር። ከእንዲህ ያለው ጥንታዊ ቤት ጋር የሚሠራ መሐንዲስ ሊያስብበት የሚገባ ጉዳይ ነው። የእንጨት ደረጃና ሰገነት ሳይፈርስ፣ ሽቦውና ቧንቧው ግን አዲስ ሆኖ የሚያገለግልበት መንገድ አለ፤ ወጪው ከፍ ያለ ቢሆንም።

ወረታን በደብረ ታቦርና በጋይንት አድርጎ ከወልድያ ጋር የሚያገናኘው መንገድ በ1960ዎቹ ማብቂያና በ1970ዎቹ መጀመሪያ ዓ.ም. በቻይናውያን ከተሠራ ወዲህ ለዚያ አገር መንገደኛ እንደ ጥንቱ የሰው በር ማንኳኳት ብርቅ ሆኗል። በየከተማው «አልጋ አለ» የሚል ጽሑፍ በበሩ ላይ ይታያል። በመካነ ኢየሱስም የመሸበት ሰው የሚጠይቀው ዋጋውን ነው። ባለቤቲቱ ቁልፍ ታቀብለዋለች፤ ውሃ በባልዲ ታስቀርብለታለች፤ እራት ምን እንዳለ ትነግረዋለች። ጠዋት ሲወጣ ሒሳቡን ይከፍልና እንደ ጥንቱ ደግሞ ይመርቃል፤ ምርቃቱም ዛሬ ለእርሷው ነው።